ከአሜሪካ ጦር በጤና ምክንያት ተሰናብቶ ለገጣፎ ለመጣ ልጅ፣ ሕክምናውን ማን ይከፍላል?

“ስልሳ በመቶ ሰጥተውታል እኮ! ታዲያ ሚስቱን ምነው የሕክምና ካርድ ከለከሏት?”

ይህን የጠየቁኝ ለገጣፎ ያሉ ጎረቤቴ ናቸው። ልጃቸው በዲቪ ሄዶ የአሜሪካ ምድር ጦር ገባ። ኮንትራቱን ሳይጨርስ ወገቡን ታመመና በጤና አሰናበቱት። አሁን አግብቷል። ዓመቱን ግማሹን እዚያ፣ ግማሹን እዚህ ነው የሚያሳልፈው። እናት ካኪ ፖስታ ሙሉ ወረቀት ይዘው መጥተው “የኔ ልጅ፣ እስቲ አንብቢልኝ” አሉኝ።

ጥያቄው የእሳቸው ብቻ አይደለም። ከመገናኛ ወደ አያት፣ የካ አባዶና ለገጣፎ በሚወስደው መስመር ልጁን አሜሪካ የላከ ቤት ብዙ ነው። ጦር ለመግባት ደግሞ ዜግነት አይጠየቅም፤ ግሪን ካርድ ይበቃል። ማቭኒ በሚባለው ፕሮግራም ግሪን ካርድ የሌላቸውም ገብተዋል። በ2008 ተፈቅዶ በ2016 አዲስ ሰው መቀበል ያቆመ ፕሮግራም ነው፤ አማርኛም ከሚፈለጉት ቋንቋዎች አንዱ ነበር። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች፣ ካልተባለ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እንግዲህ ከነዚህ ልጆች አንዳንዱ ይታመማል። ወገብ፣ ጉልበት፣ አስም፣ ጭንቀት። ቀድሞም ይወጣል። ሰፈር ውስጥ የሚወራው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ “አሜሪካ ወታደሯን ዕድሜ ልኩን ከነቤተሰቡ ታሳክማለች” ይላል። ሌላው “ኮንትራቱን ካልጨረሰ ምንም የለውም” ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

ሁለት መሥሪያ ቤት፣ ሁለት ፐርሰንት

የእኛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው “ስንት ዓመት አገለገለ?” ብሎ ነው። አይፈረድበትም። በእኛ የጡረታ ሕግ በጤና ጉድለት የተሰናበተ ሰው ዘላቂ አበል ለማግኘት፣ ጉዳቱ ከሥራው የመጣ ካልሆነ በቀር፣ 10 ዓመት ማገልገል አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ ዳረጎቱን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ዓመት መቁጠር ልማዳችን ነው።

አሜሪካኖቹ ጋ ግን ከዓመቱ ይልቅ የሚወስነው ፐርሰንቱ ነው። ችግሩ፣ ፐርሰንት የሚሰጡት ሁለት ናቸው። አንዱ ጦሩ ራሱ ነው። ሌላው የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው፤ ሁሉም ሰው ቪኤ ነው የሚለው። ጦሩ የሚቆጥረው ወታደርነቱን እንዳይቀጥል ያደረገውን ሕመም ብቻ ነው። ቪኤ ግን በአገልግሎት ዘመኑ የመጣበትን ወይም የባሰበትን ሁሉ ይቆጥራል።

የጎረቤቴ ልጅ ወረቀት ላይ ይህ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጦሩ “ወታደር መሆን ያቃተው በወገቡ ነው” ብሎ 20 በመቶ ሰጠው። በቃ። ቪኤ ደግሞ ወገቡን 20፣ ጭንቀቱን 30፣ ሁለቱን ጉልበቶቹን 10 እና 10፣ ጆሮው ላይ ለሚጮህበት 10 ሰጠና በጠቅላላው 60 አደረገው። እናት ያነበቡት ስልሳውን ነው። የሚስትን ካርድ የሚወስነው ግን ሃያው ነው።

ሂደቱ እንዲህ ነው። ወታደሩ ታክሞ ታክሞ ለውጥ ሲጠፋ ሐኪሙ ዘላቂ ገደብ ይጽፍበታል። አይሮጥ፣ ከባድ አያንሳ፣ ይህን ያህል ኪሎ አይሸከም የሚል። ገደቡ ከተወሰነ ደረጃ ካለፈ ፋይሉ ወደ ሐኪሞች ቦርድ ይሄዳል። ይህ ቦርድ የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ነው፤ ሕመሙ ጦሩ ለማቆየት ያወጣውን መለኪያ ያሟላል ወይስ አያሟላም? ካላሟላ ፋይሉ ወደ ሁለተኛው፣ ወደ አካል ብቃት ቦርድ ያልፋል። “ብቁ ነው” ወይም “ብቁ አይደለም” የሚለውና ፐርሰንቱን አጽድቆ የሚያሰናብተው እሱ ነው።

ድሮ ጦሩ ለብቻው፣ ቪኤ ለብቻው ነበር የሚመረምሩት። በ2007 ዋልተር ሪድ በተባለው ወታደራዊ ሆስፒታል የቁስለኞች አያያዝ በጋዜጣ ሲጋለጥ ትልቅ ጫጫታ ተነሳ። ከዚያ በኋላ ምርመራው አንድ ላይ እንዲሆን ተደረገ። አሁን ለሁሉም ሕመም መጠኑን የሚሰጠው ቪኤ ነው፤ ጦሩ ከዚያ ውስጥ የሚመለከተውን ብቻ መርጦ ይወስዳል። ለዚህ ነው የጦሩ ቁጥር ሁልጊዜ ከቪኤው እኩል ወይም ያነሰ የሚሆነው።

30 በመቶ የምትባለው መስመር

ከ20 ዓመት በታች ላገለገለ ወታደር ሁሉም ነገር የሚታጠፈው የጦሩ ፐርሰንት 30 ላይ ነው።

30 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሰውዬው በጤና ጡረታ ወጣ ይባላል። ሁለት ዓመት ብቻ ቢያገለግልም ጡረተኛ ነው። ትራይኬር የሚባለውን የወታደር ጤና ሽፋን ለራሱ፣ ለሚስቱና ለልጆቹ ያገኛል። ሚስት የአሜሪካ ዜጋ መሆን አይጠበቅባትም። ከጡረታው በኋላ ቢያገባትም መብቷ ነው፤ ዲርስ በሚባለው የጦሩ መዝገብ ላይ መመዝገብ ግን አለባት። ለዚህ ከወሳኝ ኩነት የወጣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ ከነትርጉሙ፣ ተዘጋጅቶ ቢቀመጥ ጥሩ ነው። ሽፋኑ በራሱ አይመጣም። ጡረታ በወጣ፣ ወይም ባገባ፣ በ90 ቀን ውስጥ ዕቅዱን መርጦ መመዝገብ ያስፈልጋል።

ገንዘቡስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጥቂት ዓመት ብቻ አገልግሎ በጤና ጡረታ የወጣ ሰው የጦሩን አበልና የቪኤን ካሳ ደርቦ አይበላም። ቪኤ የሚከፍለው ዶላር በዶላር ከጦሩ አበል ላይ ይቀነሳል። ጉዳቱ ከውጊያ ጋር የተያያዘ ከሆነ ማካካሻ አለ። ካልሆነ ግን ብዙ ጊዜ የጦሩ አበል ተቀንሶ ተቀንሶ ዜሮ ይገባል። ስለዚህ በእኔ እይታ የ30 በመቶዋ እውነተኛ ዋጋ ያለው ካርዷ ላይ ነው። የቤተሰቡ ሕክምና ማለት ነች። ይህን ያልተረዳ ልጅ “ሃያም ሠላሳም ያው ነው፣ ለማንኛውም ቪኤ ይከፍለኛል” ብሎ ፈርሞ ይወጣል።

ሕመሙ ገና ያልረጋ ከሆነ ደግሞ ጊዜያዊ ጡረታ ይሉታል። ከ2017 ወዲህ ይህ ከ3 ዓመት አይበልጥም። በመሃል እንደገና ይመረመራል። ካርዱ በዚህ ጊዜ ይሠራል። መጨረሻ ላይ ተሽሎት ከ30 በታች ከወረደ ግን ካርዱም አብሮ ይሄዳል። ለምርመራ ጠርተውት አዲስ አበባ ሆኖ የቀረ ልጅ አበሉን ያቆሙበታል። አድራሻ መቀየር ቀላል ነገር ይመስላል እንጂ ጣጣው ብዙ ነው።

ከ30 በታች ከሆነ ስንብቱ የአንድ ጊዜ ክፍያ ይዞ መሄድ ነው። ስሌቱ የወር መነሻ ደመወዝ በ2፣ ከዚያ በአገልግሎት ዓመት ይባዛል። ዓመቱ ከ3 በታች ቢሆን እንኳ 3 ተብሎ ይቆጠራል፤ ጉዳቱ የውጊያ ቀጠና ውስጥ የደረሰ ከሆነ 6። ደመወዙ 3,000 ዶላር ነው እንበል። ሁለት ዓመት ከስምንት ወር አገለገለ። 3,000 በ2፣ በ3፤ 18,000 ዶላር።

ደስ ይላል አይደል? እስቲ ትንሽ ቆዩ። ቪኤ ለዚያው ለወገቡ የሚሰጠውን ወርሃዊ ካሳ ያ 18,000 ዶላር ተመልሶ እስኪያልቅ ይይዘዋል። ለጭንቀቱና ለጉልበቱ የሚከፈለውን አይነካም። የውጊያ ቀጠና ጉዳት ከሆነም አይቆረጥም። ልጁ በ18,000ው ለቤተሰቡ መኪና ገዝቶ፣ ከዚያ ካሳው ለምን እንደተቀነሰበት ግራ ቢገባው አይገርምም።

ቤተሰቡን በተመለከተ፣ ከ30 በታች ተሰናብቶ ስንብቱ በክብር ከሆነ፣ ባብዛኛው የ180 ቀን የሽግግር ሽፋን አለ። ከዚያ ያበቃል። ከፈለገ ሽፋኑ ባበቃ በ60 ቀን ውስጥ አመልክቶ፣ በራሱ ገንዘብ፣ ባብዛኛው እስከ 18 ወር የሚዘልቅ ቀጣይ ሽፋን መግዛት ይችላል። ዋጋው ቀላል አይደለም።

20 እና 10 ሲደመር 30 የሚሆነው እንዴት ነው?

ፐርሰንቶቹ እንደ ሱቅ ሂሳብ አይደመሩም። ሙሉ ሰው አንድ ሙሉ እንጀራ ነው ብላችሁ አስቡ። ወገቡ 20 በመቶ ቆረሰ፤ 80 ቀረ። ቀጣዩ ሕመም 10 በመቶ የሚቆርሰው ከቀረው ላይ ነው፤ 8 ማለት ነው። ጠቅላላ የተቆረሰው 28። ይህ ወደ ቅርቡ አሥር ይጠጋጋልና 30 ይሆናል። የጎረቤቴ ልጅ የቪኤ ቁጥሮች ተራ ድምራቸው 80 ነው፤ በዚህ ስሌት ግን 60 የሆኑት ለዚህ ነው።

አሁን ነገሩን ልብ በሉ። ጦሩ ከወገቡ ሌላ አንዲት የ10 በመቶ ጉልበት ብቻ “ይቺም ወታደርነቱን አግዳዋለች” ብሎ ቢቆጥርለት ኖሮ 20 እና 10፣ 28 ሆኖ ወደ 30 ይጠጋ ነበር። ሚስቱ ካርድ ይኖራት ነበር። አንዲት ጉልበት!

ለዚህ ነው ቦርድ ፊት ያለ ልጅ መጣላት ያለበት በቪኤው ድምር ሳይሆን “የትኞቹ ሕመሞች ብቁ እንዳልሆን አደረጉኝ” በሚለው ላይ የሚሆነው። የብቃት ቦርዱ የመጀመሪያ ውሳኔ ሲደርሰው ለመቀበል ወይም ለመቃወም 10 ቀን አለው። ተቃውሞ ሙሉ ችሎት መጠየቅ ይችላል። ጦሩ ራሱ ነፃ ጠበቃ ይመድብለታል። ጠበቃው የጦሩ ደመወዝተኛ ቢሆንም ሥራው ለወታደሩ መቆም ነው። ብዙ የእኛ ልጆች ግን “አለቃ ፊት አልከራከርም” ብለው ዝም ይላሉ። በዚህ አገር ያደግንበት ይሉኝታ እዚያ ድረስ ይከተለናል። የአዛዡ ደብዳቤ፣ “ይህ ልጅ በጉልበቱ ምክንያት ይህን ይህን መሥራት አቅቶት ነበር” የሚል፣ ከሐኪም ወረቀት እኩል ሊጠቅም እንደሚችል የሚነግራቸው የለም።

ከወጣ በኋላስ? የቪኤውን ፐርሰንት ወደ 70 ወደ 80 ማሳደግ የጦሩን 20 አይቀይረውም። ይህንን ለጎረቤቴ ደጋግሜ ነው የነገርኳቸው። የጦሩን ውሳኔ ለማስቀየር ያለው መንገድ የጦሩን መዝገብ የሚያርም ሌላ ቦርድ ነው። ስህተቱ ከታወቀ በ3 ዓመት ውስጥ ማመልከት ይጠበቃል፤ በቂ ምክንያት ካለ ዘግይቶም ሊታይ ይችላል። ለዚያ የሚያስፈልገው አዲስ የሕመም ወረቀት አይደለም። በዚያን ጊዜ፣ ገና ወታደር እያለ የተጻፈ ማስረጃ ነው።

ቦርድ ሳያዩ የወጡት

በጤና ወጣ የተባለ ሁሉ በዚህ መንገድ አልወጣም። ስልጠና ላይ እያለ “ይህ ሕመም ስትገባም ነበረብህ፣ አገልግሎቱም አላባሰውም” የተባለ ልጅ ያለ ክፍያ ይሰናበታል። አንዳንዱ ደግሞ ጦሩ አካል ጉዳት ብሎ በማይቆጥረው ሁኔታ፣ ለምሳሌ ከአዲስ ኑሮ ጋር መላመድ ባለመቻል በመጣና ብዙ ባልቆየ የአእምሮ ጭንቀት፣ በአስተዳደር መንገድ ይወጣል። ለእነዚህ የጦሩ ጡረታም የስንብት ክፍያም የለም።

የቪኤ በር ግን አልተዘጋባቸውም። ቪኤ የጦሩን ቃል አይደግምም፤ የራሱን ምርመራ ያደርጋል። ዲዲ-214 የምትባለው የስንብት ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ይታይ። የስንብቱ ዓይነትና የስንብቱ ምክንያት። ዓይነቱ በክብር ከሆነ መንገዱ ክፍት ነው። ወረቀቷን አጥፍቶ “ኢሜይሌ ላይ አለች” የሚል ልጅ አታምኑ። አንድ ኮፒ እናት ጋ፣ ሳጥን ውስጥ ትቀመጥ።

ለራሱ፦ ቪኤ

ቪኤ የሚያክመው ወታደሩን ነው። ሚስትና ልጆችን አይደለም።

ሰፈር ውስጥ የሚወራ አንድ ነገር ላስተካክል። “24 ወር ካልሞላው ቪኤ አያክመውም” ይባላል። ደንቡ እውነት ነው፤ ከነልዩ ሁኔታው ካልተነገረ ግን ያሳስታል። በአገልግሎት ላይ በመጣ ወይም በባሰ ሕመም ምክንያት የተሰናበተ ሰው 24 ወሩ አይጠየቅም። ስድስት ወር ቢያገለግልም ይመዘገባል።

ቪኤ የሚመዘግባቸውን በስምንት ደረጃ ይከፍላል። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያለው አንደኛ ደረጃ ላይ ነው፤ ለሕክምናም ለመድኃኒትም አይከፍልም። 30 እና 40 ሁለተኛ ናቸው። 10 እና 20 ሦስተኛ። በአገልግሎት በመጣ ሕመም የተሰናበተ ሰውም ሦስተኛ ውስጥ ይገባል። የጎረቤቴ ልጅ በ60ው አንደኛ ደረጃ ላይ ነው። አሜሪካ ባለበት ወቅት ለራሱ ሕክምና ሐሳብ የለበትም።

ጊዜ ላይ አንድ ነገር። ከመውጣቱ ከ180 እስከ 90 ቀን በፊት ማመልከት ይቻላል፤ ቦርድ ውስጥ ያለፈ ደግሞ እዚያው ያመለክታል። ይህ ያመለጠው በወጣ በአንድ ዓመት ውስጥ ያመልክት። በዓመቱ ውስጥ ካመለከተ ካሳው ከወጣበት ማግስት ጀምሮ ይታሰብለታል። ካለፈ ካመለከተበት ቀን ነው የሚጀምርለት። ከሕክምና ውጭ ቢሆንም ሳልጠቅሰው አላልፍም፤ በአገልግሎት በመጣ ጉዳት የተሰናበተ ልጅ 30 ተከታታይ ቀን ብቻ ቢያገለግል እንኳ የትምህርት ክፍያውን ሙሉ መብት ያገኛል። ብዙዎች ሳይጠቀሙበት ይቀራሉ።

እዚህ ሲታከም

ቪኤ ኢትዮጵያ ውስጥ ሆስፒታል የለውም። ከአሜሪካና ከግዛቶቿ ውጭ የራሱ ክሊኒክ ያለው ፊሊፒንስ፣ ማኒላ ላይ ነው። ታዲያ ለገጣፎ ላይ ወገቡ የተነሳበት ልጅ ምን ያደርጋል?

ቪኤ የውጭ አገር ሕክምና ፕሮግራም አለው። ቪኤ “ከአገልግሎት የመጣ ነው” ብሎ ላጸደቀው ሕመም ውጭ አገር የተደረገ ሕክምናን ይከፍላል። ለወገቡ የተነሳ ኤምአርአይ፣ ፊዚዮቴራፒ፣ መድኃኒት ይገባል። ጭንቀቱም ጸድቆለታልና የሥነ አእምሮ ሐኪም ይገባል። ታይፎይድ ቢይዘው ግን አይከፍሉም። ትርፍ አንጀቱ ቢፈነዳም እንደዚያው። በጤና ጡረታ የወጣ፣ ትራይኬር ያለው ሰው ከዚህ ይሻላል። የትራይኬር የውጭ አገር ዕቅድ ውስጥ ከገባ ለታይፎይዱም፣ ለሚስቱ ወሊድም ድርሻውን ቀንሶ ቀሪውን ይመልሳል።

በሁለቱም መንገድ እዚህ አገር ያለው አካሄድ አንድ ነው፤ መጀመሪያ ከኪስ መክፈል፣ ከዚያ መጠየቅ። የግል ሆስፒታሎቻችን ካሸር ላይ ቆሞ “ሂሳቡን ለአሜሪካ መንግሥት ላኩ” ማለት አያዋጣም። የቪኤው ጥያቄ ሕክምናው ከተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ መድረስ አለበት። የትራይኬር የውጭ አገር ጥያቄ 3 ዓመት አለው። ለቪኤው ፕሮግራም ቀድሞ መመዝገብ ጥሩ ነው፤ የትኞቹ ሕመሞች እንደሚሸፈኑ የሚገልጽ ደብዳቤ ይልኩለታል። ደብዳቤውን ይዞ ሐኪም ጋ ቢገባ ሐኪሙም የሚጽፈውን ያውቃል።

አሁን ብሩ የሚቀልጥበት ቦታ ላይ ደርሰናል፤ ደረሰኝ ላይ።

አንደኛ፣ ቀን። የጎረቤቴ ልጅ የሕክምና ማስረጃ ላይ “12/03/2017” ተጽፏል። እኛ ኅዳር 12 ብለን እናነበዋለን። በፈረንጅ ኖቬምበር 21 ቀን 2024 ነው። እዚያ ያለው ሠራተኛ ግን ዲሴምበር 3 ቀን 2017 ብሎ ያነበዋል። ሁለት ዓመቱ ድሮ አልፏል፣ ውድቅ! ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ ቀኑ ብቻ ነው። ሐኪሙን “እባክዎ በፈረንጅም ይጻፉልኝ” ማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የካሽ ሬጂስተሩ ደረሰኝ በፈረንጅ ቢሆንም ሐኪሙ በእጁ የጻፈው በኢትዮጵያ ይሆንና ሁለቱ አይገጥሙም። ለማያውቅ ሰው ያ ማጭበርበር ይመስላል።

ሁለተኛ፣ ስም። እዚህ ካርድ ክፍል ስሙን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ይጽፋሉ። አሜሪካ ሲገባ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኗል። በዚያ ላይ ደግሞ ገብረ ሥላሴን አንዱ በአንድ ቃል፣ ሌላው በሁለት ቃል፣ ፊደሉን እንዳሻው ይጽፈዋል። ካርድ ሲያወጣ ፓስፖርቱን አሳይቶ እንደዚያው ያስጽፍ።

ሦስተኛ፣ ዝርዝር። “የሕክምና አገልግሎት” ብሎ በጅምላ አንድ ቁጥር የጻፈ ደረሰኝ ዋጋ የለውም። ምን ምርመራ፣ ምን መድኃኒት፣ በስንት፣ እያንዳንዱ ተለይቶ መቀመጥ አለበት። የበሽታው ስም፣ የሐኪሙ ስምና የሆስፒታሉ አድራሻ ይኑር። ቪኤ በሌላ ቋንቋ የተጻፈውን ያስተረጉማል፤ በእንግሊዝኛ ከሆነ ግን ይፈጥናል። ገንዘቡ በብር ቢሆን ግድ የለም፤ እነሱ ይመነዝሩታል።

ደግሞ ያቺ የካሽ ሬጂስተር ወረቀት። ጥቂት ወር ኪስ ውስጥ ከከረመች ነጭ ትሆናለች። የእኚህ እናት ፖስታ ውስጥ ያሉት ግማሾቹ ከነጭራሹ አይነበቡም ነበር። ፀሐይ ያገኛት፣ ከፌስታል ጋር የተጣበቀች፣ ከመድኃኒት ቤት የወጣች። የተከፈለ ገንዘብ ነው፤ ማስረጃ ግን የለም። በዚያው ቀን በስልክ ፎቶ ማንሳት፣ ከዚያ ኮፒ ማድረግ። የሰፈር ኮፒ ቤት ለአንድ ገጽ የሚጠይቀው ጥቂት ብር ነው፣ የኤምአርአዩ ዋጋ ግን ጥቂት አይደለም።

ሌሎች የሚጠየቁ

“እኔስ እታከምበታለሁ?” ብለው ጎረቤቴ በጨዋታ መሃል ጠየቁኝ። አይታከሙበትም። ወላጅ በትራይኬርም በቪኤም አይሸፈንም። ልጁ በጤና ጡረታ ወጥቶ ቢሆንና ከወላጆቹ ወጪ ከግማሽ በላዩን እንደሚሸፍን አስመስክሮ በጦሩ መዝገብ ቢያስገባቸው እንኳ የሚያገኙት፣ ቦታ ሲኖር፣ በጦሩ ሆስፒታል መታየት ነው። ለገጣፎ ላለች እናት ይህ ምንም ማለት አይደለም።

ሚስት በቪኤ በኩል የምታገኘው አንድ መንገድ አለ፤ ቻምፕቪኤ ይባላል። ትራይኬር የሌላቸው ሚስትና ልጆች የሚገቡበት ነው፤ ውጭ አገርም ይሠራል። የሚከፈተው ግን ቪኤ ወታደሩን “ሙሉ በሙሉና በዘላቂነት አካል ጉዳተኛ” ካለው ነው። 60 በመቶ ለዚህ አይደርስም።

ለጤና ጡረተኞች አንድ ወጥመድ አለ። ሕመሙ በርትቶ ከሶሻል ሴኩሪቲ፣ ከአሜሪካ ማኅበራዊ ዋስትና፣ የአካል ጉዳት ክፍያ ማግኘት የጀመረ ሰው፣ ዕድሜው ገና ሠላሳ ቢሆንም፣ ከ24 ወር በኋላ ሜዲኬር ወደሚባለው፣ ባብዛኛው የአረጋውያን ወደሆነው የመንግሥት ጤና መድን ይገባል። የመጀመሪያው ክፍል በነፃ ይመጣል። ሁለተኛው፣ ክፍል ቢ የሚባለው፣ በየወሩ ይከፈልበታል። “እኔ ኢትዮጵያ ነው የምኖረው፣ ሜዲኬር እዚህ አይሠራ፣ ምን ያደርግልኛል?” ብሎ ክፍል ቢን እምቢ ያለ ሰው ትራይኬሩንም ያጣል። ሜዲኬር ውጭ አገር እንደማይከፍል እውነት ነው። ትራይኬሩ እንዲቀጥል ግን ክፍል ቢ ግዴታ ነው።

ደላላም አለ። “ፐርሰንትህን አሳድግልሃለሁ፣ ከካሳው ይህን ያህል ትሰጠኛለህ” የሚል። የመጀመሪያ የቪኤ ማመልከቻ ለማዘጋጀት ገንዘብ መቀበል በሕጉ የተከለከለ ነው። የአካል ጉዳተኛ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር፣ አሜሪካን ሊጅን፣ የውጭ ዘመቻ ወታደሮች ማኅበር በነፃ ይሠሩለታል። ተወካይ ከመፈረሙ በፊት የሰውዬው ስም ቪኤ ዕውቅና ከሰጣቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ይፈልግ፤ ዝርዝሩ ለማንም ክፍት ነው።